የግማሹ ባለቤት

በ2018 እ.ኤ.አ. መኸር፣ በአሜሪካ አዮዋ ግዛት፣ በአንድ ገጠር ካውንቲ የግብርና ጽሕፈት ቤት ውስጥ በጊዜያዊ ሠራተኛነት ተቀጥሬ ነበር። ቻይና በጁላይ ወር በአሜሪካ አኩሪ አተር ላይ 25 በመቶ ተጨማሪ ቀረጥ ጥላ ዋጋው ወድቋል። የአሜሪካ መንግሥት ለማካካሻ ለአንድ ቡሽል አኩሪ አተር፣ ማለትም ለ27 ኪሎ ግራም ገደማ፣ 1 ዶላር ከ65 ሳንቲም ይከፍል ነበር። ለበቆሎ ግን 1 ሳንቲም ብቻ ነበር። ይህን ቁጥር ለበቆሎ አምራች ፊት ለፊት መንገር ይከብደኝ ነበር፤ ብዙዎቹ ሁለት ጊዜ ያስደግሙኛል።

አንድ ቀን ከሰባ ዓመት ያለፉ ገበሬ የቦት ጫማ ካርቶን ታቅፈው መጡ። ከእህል ማከማቻው በተሰጣቸው የሚዛን ደረሰኝ ተሞልቷል። አዝመራው ተሰብስቦ ሳያልቅ ማመልከት አይቻልም ነበር፤ ያን ዓመት ደግሞ ዝናቡ አጨዳውን አዘግይቶት ስለነበር ሰው ሁሉ የመጣው በአንድ ሰሞን ነው። ከኋላቸው ሰልፍ አለ። ደረሰኞቹን ደመርሁ፤ 12,000 ቡሽል። ድርሻ በሚለው ሳጥን 100 በመቶ ብዬ ሞላሁና አስፈረምኋቸው። ያነበቡት አይመስለኝም፤ እኔን አምነው ፈረሙ።

የክፍያው ግማሽ ወዲያው፣ ቀሪው በዲሴምበር ሁለተኛው ዙር ሲፈቀድ ገባላቸው። በድምሩ 19,800 ዶላር። ከዚያ የፌዴራሉ በጀት ሳይጸድቅ ቀርቶ ቢሮአችን ተዘጋ። በጃንዋሪ መጨረሻ ወደ ሥራ ስንመለስ መጀመሪያ ያነሣሁት ስልክ የአንዲት አሮጊት ነበር።

«የእኔስ መቼ ነው?» አሉኝ።

በስማቸው የቀረበ ማመልከቻ የለም። መሬታቸው የት እንደሆነ ሲነግሩኝ ግን ክው አልሁ። ባለካርቶኑ ገበሬ የሚያርሱት የአሮጊቷን መሬት ነበር፤ በእኩል። በበጋው ባስመዘገቡት የማሳ ቅጽ ላይ 50 በመቶ ተብሎ በግልጽ ተጽፏል። ወረቀቱ ከጀርባዬ ባለው መሳቢያ ውስጥ ነበር፤ አላወጣሁትም። ከሁሉ በላይ ያንገበገበኝ፣ አያቴ ጎጃም ውስጥ የሰው መሬት በእኩል ሲያርሱ የኖሩ መሆናቸው ነው። ባለመሬቱ አውድማው ድረስ ሳይመጣ አንድ ቁና እህል እንኳ አይሰፈርም ነበር ሲሉ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። እንዲህ ያደግሁ ሰው «ከማን ጋር ይካፈሉታል?» ብዬ አልጠየቅሁም።

ለኃላፊዬ ተናግሬ ወደ ገበሬው ቤት ራሴ ሄድሁ። 9,900 ዶላር መመለስ አለባቸው፤ ገንዘቡ ግን ለዘርና ለማዳበሪያ ብድር ባንክ ገብቷል። አልጮኹብኝም። ኮፍያቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና «እርሷም ለብቻዋ ያመለከተች መስሎኝ ነበር» አሉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። በኋላ ዕዳውን ከፋፍለው እንዲመልሱ ተፈቀደላቸው።

ማመልከቻው የሚያበቃው ጃንዋሪ 15 ነበር፤ በቢሮዎች መዘጋት ምክንያት ወደ ፌብሩዋሪ 14 መራዘሙ አዳነን። አሮጊቷ መጥተው ሲፈርሙ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘርግቼ፣ ድርሻቸውን በጣቴ እያሳየሁ አነበብሁላቸው።

በ2019 ክፍያው በቡሽል መሆኑ ቀርቶ ለየካውንቲው በወጣ ተመን፣ በማሳ ስፋት ሆነ። ደረሰኝ አያስፈልግም። ሽማግሌው ግን ያንኑ ካርቶን በአንድ እጃቸው ይዘው፣ በሌላው አሮጊቷን ደግፈው ገቡ። ልጠይቃቸው ስል ክዳኑን ወደ እኔ አዞሩት። በወፍራም እርሳስ «ግማሽ የእርሷ» ብለው ጽፈውበታል።