አማቴ ያጸዱት ጠረጴዛ

ባለቤቴ የወለደች ሰሞን አማቴ ልጃቸውን ሊያርሱ ከአዲስ አበባ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ መጡ። ገንፎው፣ አጥሚቱ፣ ምርቃቱ ሁሉ ቤታችንን ሞላው። ዓይናቸው አልቀበል ያለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሳሎን ጥግ የቆመው የማሆጋኒ እንጨት መጻፊያ ጠረጴዛዬ።

ክዳኑ ሲዘጋ ሰያፍ የሚሆን፣ ሲከፈት መጻፊያ የሚወጣው፣ አሜሪካውያን «ገቨርነር ዊንትሮፕ» የሚሉት ዓይነት ነው። የማሳቹሴትሱ ገዥ ዊንትሮፕ ያረፉት እ.ኤ.አ. በ1649 ነው፤ በአሜሪካ ይህ ቅርጽ የገነነው በ18ኛው ክፍለ ዘመን፣ ስማቸውን የለጠፉበት ደግሞ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ቅጂውን የቸበቸቡ ነጋዴዎች ናቸው። ምስኪኑ ገዥ ባላዩት ጠረጴዛ ሲጠሩ ይኖራሉ። የእኔውም የመሳቢያዎቹን ማዕዘን የሚያያይዙት የእንጨት ጥርሶች ልክ አንድ ዓይነት ናቸውና የማሽን ሥራ፣ ማለትም ቅጂ ነው። ሻጩ በሰጠኝ ወረቀት ላይ ግን «ለዕድሜው መልካም ይዞታ፤ የመጀመሪያው ቅብ ያልተነካ» ይላል። ገንዘቤን ያወጣሁት ላልተነካው ቅብ ነበር።

«ልጄ፣ ይህን ሁሉ እድፍ በዶላር ገዛኸው?» አሉኝ አማቴ።

እኔ ሥራ በሄድኩበት፣ ለሕፃኑ እትብት ብለው ያስገዙኝን አልኮል አንስተው ክዳኑን ፈተጉት። የድሮ ማሆጋኒ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀባው ሼላክ ነው፤ ሼላክ ደግሞ ከነፍሳት የሚገኝ ሙጫ ሆኖ በአልኮል ይሟሟል። ጨርቁ ቡናማ ሲሆን «ለቀቀ!» ብለው በረቱ። የለቀቀው ቅቡ ራሱ ነበር። ከዚያ አቧራ እንዳያርፍበት የገበያ አዳራሽ ማስታወቂያ አለበሱት።

ማታ ወረቀቱን ስስብ ግማሹ መጣ፤ ግማሹ ቀረ። ማሆጋኒዬ ላይ «የዶሮ ቅልጥም፣ ፓውንዱ 99 ሳንቲም» የሚል በደማቁ ይነበባል። ለአማት ምን ይባላል? «እጅዎ ይባረክ» አልኩ። ባለቤቴ ስፌቱ እስኪያማት ሳቀች።

የአሮጌ ዕቃ ጠጋኙ ሽማግሌ መጣ። ክዳኑን ዳሰሰ፣ የዶሮውን ዋጋ አነበበ፣ ምንም ሳይል ከቦርሳው ጠርሙስ አወጣ። ፈሳሹን በስሱ እያረጠበ ወረቀቱን ላጠ፤ የተጨማደደው ቅብ እየለሰለሰ መልሶ ተኛ። ቀጥሎ ሼላክ የሟሟበትን ፈሳሽ በተድቦለቦለ ጨርቅ እያዞረ ይቀባ ጀመር። አማቴ ሕፃኑን ታቅፈው ከሶፋው ላይ ዓይናቸውን አልነቀሉም።

«ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?»

«አልኮል ነው፣ እማማ።»

«ያው የእኔው?»

«ጠንከር ያለ ነው እንጂ ያው ነው።»

«ስንት ልትከፍለው ነው?»

ነገርኳቸው። ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ወደ ብር መነዘሩት።

«ለእሱ ግማሹን ስጠው» አሉ በመጨረሻ፤ «የመጀመሪያውን ዙር የሠራሁት እኔ ነኝ።»