«ለት» እና «በት»

ለረጅም ጊዜ ማታ ማታ ኃጢአቴን የምጽፍባት ትንሽ ደብተር ነበረችኝ። በግራው ገጽ ያጠፋሁትን፣ የተቆጣሁትን፣ ያማሁትን፣ የዋሸሁትን። በቀኙ ደግሞ መልካም ነው ያልኩትን ሁሉ። ማንም አላዘዘኝም፣ በራሴ የጀመርኩት ነው። ግራው ከቀኙ በበለጠበት ማታ አልጸልይም ነበር። አፍራለሁ። «ነገ ትንሽ አስተካክዬ እቀርባለሁ» ብዬ እተኛለሁ። ነገም ያው ነው።

ከዚያ አንድ ጊዜ ራሴን ለማዳን ብዬ በጓደኛዬ ላይ ዋሸሁ። የኔን ጥፋት የሱ አስመሰልኩት። ነገሩ ሲወጣ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩት፤ ዝም ብሎ ቆየና «እሺ፣ ይቅር ብዬሃለሁ» አለኝ። እኔ ግን አላመንኩትም። ለወራት ሥራውን አግዘዋለሁ፣ ሳይጠይቀኝ እታዘዛለሁ፣ የሚለውን ሁሉ «ልክ ነህ» እላለሁ። አንድ ቀን መረረውና «ስማ፣ ይቅር ብዬሃለሁ እኮ! እስካሁን ዕዳ እየከፈልክ ከሆነ ግን ጓደኛዬ አይደለህም፣ ባለዕዳዬ ነህ» አለኝ። ይህን በሰማሁ ማታ ደብተሯን ከፍቼ ለብዙ ሰዓት አየኋት። ከእግዚአብሔርም ጋር የነበረኝ ነገር ይኸው ነበር።

ሮሜ ምዕራፍ 4ን ከዚያ በኋላ ነው በደንብ ያነበብኩት። ብዙ ጊዜ አልፌበታለሁ፣ ግን አላየሁትም። ጳውሎስ የሚጀምረው ከዘፍጥረት 15፥6 ነው፦ «አብራምም በእግዚአብሔር አመነ፥ ጽድቅም ሆኖ ተቈጠረለት።» ይህች «መቁጠር» የምትለዋ የግሪክ ቃል በዚያ አንድ ምዕራፍ ውስጥ 11 ጊዜ ትመላለሳለች። ለሂሳብ አያያዝም የምታገለግል ቃል ነበረች። እኔ በደብተሬ እሠራው የነበረውን ሥራ ነው የምትገልጸው ማለት ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ጋ ቆጣሪው እኔ አይደለሁም።

ከዚያ ጳውሎስ ዳዊትን ይጠራል። መዝሙር 32፦ እግዚአብሔር በደልን የማይቆጥርበት ሰው ምስጉን ነው። አሁን ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡልኝ። ለአብርሃም ተቆጠረለት። ለዳዊት አልተቆጠረበትም። አማርኛችን እንዴት እንደሚያምር እዩ! ግሡ አንድ ነው፤ ሁሉን ነገር የሚለውጡት መጨረሻው ላይ ያሉት «ለት» እና «በት» ናቸው። ያልሠራው ጽድቅ ተቆጠረለት፣ የሠራው በደል አልተቆጠረበትም። በእምነት መጽደቅ ምን ማለት እንደሆነ ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ፤ እኔን የገባኝ ግን በነዚህ ሁለት ቅጥያዎች ነው።

ደግሞ ጳውሎስ ዝም ብሎ አያልፍም፣ «መቼ ነው የተቆጠረለት?» ብሎ ይጠይቃል። ተገርዞ ነው ወይስ ሳይገረዝ? ሳይገረዝ። ዘፍጥረትን ተከታትላችሁ ካነበባችሁ ጊዜውን ራሳችሁ ማስላት ትችላላችሁ። አብርሃም የተገረዘው በ99 ዓመቱ፣ በምዕራፍ 17 ነው። ያን ቀን አብሮት የተገረዘው እስማኤል 13 ዓመቱ ነበር፤ እስማኤል ደግሞ የተፀነሰው ከምዕራፍ 15 በኋላ ነው። ስለዚህ አብርሃም ጻድቅ ተብሎ ከተቆጠረ በኋላ ቢያንስ 13 ዓመት ሳይገረዝ ኖሯል። የሙሴ ሕግ የመጣው ደግሞ ገላትያ 3፥17 እንደሚለው ከ430 ዓመት በኋላ ነው። የሚጠብቀው ሕግ ገና አልተሰጠም። ምን ሠርቶ ነው ታዲያ? ምንም። እግዚአብሔር ማታ ወደ ውጭ አወጣው፣ ከዋክብትን አሳየው፣ ዘርህ እንዲህ ይሆናል አለው፣ አመነ። በቃ።

እኔን ከሁሉ በላይ የነካኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። አብርሃም በምዕራፍ 12 ፈርቶ ሚስቱን «እህቴ ናት» ብሎ ነበር። ይሄ ከማመኑ በፊት ነው እንበል። በምዕራፍ 20፣ ጽድቅ ከተቆጠረለት ከስንት ዓመት በኋላ፣ ያንኑ ውሸት ደገመው! አቢሜሌክ የሚባለው ንጉሥ ጠርቶ ገሠጸው። ትክክልም ነበር። ውሸቱ ቀላል አልነበረም፣ በሱ ምክንያት ሌላ ቤት ሊጠፋ ነበር። እግዚአብሔር ግን በዚያው ምዕራፍ አቢሜሌክን «ነቢይ ነውና ይጸልይልሃል» ይለዋል። የዋሸውን ሰው ነው እንዲህ የሚለው። ደብተሩን አውጥቶ የምዕራፍ 15ቷን መስመር አልሰረዘም።

ይህን ስል ኃጢአት ምንም አይደለም እያልኩ እንዳይመስላችሁ። ኃጢአት ለሚለው የዕብራይስጡ ግሥ መሠረቱ ዒላማ መሳት ነው። መሳፍንት 20፥16 ላይ ግራኝ የሆኑ 700 ወንጭፈኞች አሉ፣ ጠጉር ላይ ወንጭፈው አይስቱም ይላል፤ ያቺ «አይስቱም» ያው ግሥ ናት። ጥሩ ሥዕል ነው፣ ግን ብቻውን አይበቃም ባይ ነኝ። የሳተ ሰው ቢያንስ ሊመታ አስቦ ነበር። እኔ በጓደኛዬ ላይ ስዋሽ አልሳትኩም፣ አስቤበት ነው የወረወርኩት። ለዚህ ይመስለኛል መዝሙር 32 አንድ ቃል ያልበቃው፦ መተላለፍ ይላል፣ ኃጢአት ይላል፣ በደል ይላል። ሆን ተብሎ የተደረገ አመፅም አለ፣ መሳትም አለ፣ የተጣመመ ልብም አለ። ለነዚህ ሁሉ ነው ክርስቶስ የሞተው። እግዚአብሔር ዓይኑን ጨፍኖ አላለፈም። ያልተቆጠረብን ሌላ ላይ ስለተቆጠረ ነው፤ ይሄን ሳስብ ቀልድ የለም።

ሉቃስ 18 ላይ ያለውን ፈሪሳዊ ታስታውሳላችሁ? በሳምንት ሁለት ጊዜ ይጾማል፣ አሥራት ያወጣል። ብዙ ጊዜ የማይነገርለት ነገር፣ ጸሎቱን የጀመረው «አመሰግንሃለሁ» ብሎ ነው። ውለታውን ለእግዚአብሔር እየሰጠ ነው እኮ! ችግሩ ዓይኑ ወደ ጎን ነው፣ ቀራጩን እያየ ይቆጥራል። ቀራጩ ደግሞ የሚቆጥረው ነገር የለውም። «አምላክ ሆይ፥ እኔን ኃጢአተኛውን ማረኝ» ብቻ። ጸድቆ ወደ ቤቱ የሄደው እሱ ነው። እኔ ለዓመታት ራሴን ቀራጩ ነኝ ብዬ አስብ ነበር፣ ስለማፍር። ደብተሬ ግን የፈሪሳዊው ነበረች። የሚያፍር ፈሪሳዊም አለ።

«ያዕቆብስ?» የሚለኝ አለ። ሁልጊዜ ይመጣል፣ መምጣቱም ተገቢ ነው። ያዕቆብ 2፥24 ሰው በእምነት ብቻ ሳይሆን በሥራ እንዲጸድቅ በግልጽ ይናገራል። ግን የሚጠቅሰውን ተመልከቱ፣ አብርሃም ይስሐቅን ለመሥዋዕት ያቀረበበትን ጊዜ ነው፣ ዘፍጥረት 22ን። በምዕራፍ 15 እና በምዕራፍ 22 መካከል የአንድ ልጅ ዕድሜና ከዚያም በላይ አለ። አማርኛችን እዚህም ያግዘናል፤ የተተከለ ችግኝ ሥር ሲይዝ «ጸደቀ» እንላለን። ፍሬ እስኪያፈራ አንጠብቅም። ግን ዓመት አልፎ ዓመት መጥቶ ቅጠል እንኳ ካላወጣ፣ መጀመሪያም ጸድቆ ነበር ብሎ የሚከራከር የለም። ጳውሎስ ሥር የያዘበትን ቀን ይነግረናል፣ ያዕቆብ ዛፉን ያሳየናል።

በዚህ ጉዳይ አብያተ ክርስቲያናት ለዘመናት እንደተለያዩ አውቃለሁ። ሉተራውያንና ካቶሊኮች እንኳ በጽድቅ ትምህርት ላይ አብረው የፈረሙት ጥቅምት ወር 1999 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፣ ያውም ያልተስማሙባቸውን አስቀምጠው። እኔ እዚህ ያን ክርክር ልፈታ አልመጣሁም። የምናገረው በግራና በቀኝ ገጽ ሲደክም ለኖረ ሰው ነው፣ እንደኔ ያለ ካለ።

ደብተሯን አልቀደድኳትም፣ መሳቢያ ውስጥ ናት። መጻፉን ግን ትቻለሁ። ባለፈው ሳምንት እንደገና ዋሸሁ፣ ትንሽ ነገር ነው፣ ሰው ፊት ላለማፈር። የድሮው እኔ ቢሆን ሦስት አራት ቀን ከጸሎት ይርቅ ነበር። ያን ማታ ግን እንደዋሸሁ፣ ምንም ሳላስተካክል፣ ተንበረከክሁ። «ማረኝ» አልኩ፣ ሌላ የምለው አልነበረኝም። ጠዋት ተነስቼ የዋሸሁትን ሰው ደወልኩለት፣ እውነቱንም ነገርኩት።