ኢዱ ሳይገባ ፊጥራው ይግባ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለኢድ አልፈጥር በዓል አላህ በሰላም አደረሳችሁ። በዓሉ ገና ነው፣ አውቃለሁ። ረመዷን ሊወጣ ጥቂት ቀናት ይቀሩታል። መልእክቴን ያስቀደምኩት በምክንያት ነው፤ የማነሳው ጉዳይ ከኢድ ሶላት በኋላ ቢነሳ ብዙም አይጠቅም። ስለ ዘካተል ፊጥር ነው፣ በተለምዶ ፊጥራ ስለምንለው፣ ረመዷን ሲያልቅ ለችግረኛ ስለሚሰጠው የግዴታ እህል።

ድሬን፣ ድሬዳዋን፣ በዚህ ሰሞን ታውቋታላችሁ። ቀን ሙቀቱ ከቤት አያስወጣም። ከተማዋ የምትነቃው ከኢፍጣር በኋላ ነው። ከተራዊሕ፣ ከረመዷን የሌሊት ሶላት፣ ሲወጣ ሰው ሁሉ ገበያ ነው። ቀፊራ አካባቢ የልጆች ልብስ፣ ጫማ፣ ሒና፣ ሽቶ ሲሸመት ያመሻል። በዚያ ግርግር መሀል ሩዝ ወይም ዱቄት በ3፣ በ3 ኪሎ እየለየ የሚያስመዝን ሰው ካያችሁ፣ የቤተሰቡን ፊጥራ እየገዛ ነው።

መጠኑ ከነብዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) የመጣ ነው። የነብዩ ባልደረባ ዐብደላህ ኢብን ዑመር እንዳስተላለፉት፣ ነብዩ ዘካተል ፊጥርን በነጻውም በባሪያውም፣ በወንዱም በሴቱም፣ በትንሹም በትልቁም ሙስሊም ላይ ግዴታ አድርገዋል፤ ለእያንዳንዱ አንድ ሷዕ ቴምር ወይም አንድ ሷዕ ገብስ። ሰው ወደ ሶላት ከመውጣቱ በፊት እንዲሰጥም አዘዋል። ሷዕ ስፍር ነው። መካከለኛ እጅ ያለው ሰው ሁለት እጁን ገጥሞ አራት ጊዜ ሲዘግን ይሞላል። ወደ ሚዛን ሲመጣ እንደ እህሉ ዓይነት ከ2 ኪሎ ተኩል እስከ 3 ኪሎ ይሆናል።

አክስቴ ዛሬም በሚዛን አትሰፍርም። ከጆንያው አጠገብ ቁጭ ትልና ሁለት እጇን ገጥማ ትዘግናለች። ሩዙ በጣቶቿ መሀል እስኪፈስ ድረስ ትሞላዋለች። አራተኛው እፍኝ ላይ ስትደርስ የአንዱን ልጅ ስም ትጠራለች፤ ከዚያ የሚቀጥለውን። ውጭ አገር ያለው ልጇም ይጠራል፣ እሱ ራሱ እዚያው እንደሚያወጣ እያወቀች። በዚያ ሰዓት ቤት ውስጥ ማንም አያወራም፤ ቁጥሩ ይጠፋባታል።

የእህሉ ነገር ብዙ አያጨቃጭቅም። በሻፊዒይ መዝሀብ፣ የሐረርና የሐረርጌ ዑለማ (የሃይማኖት ሊቃውንት) ከጥንት ጀምሮ በያዙት የሸሪዓ ሕግ መንገድ፣ የሚሰጠው የአገሩ ሰው አዘውትሮ የሚበላው ነው። ከተማ ውስጥ ሩዝ ይሆናል፣ ገጠር ማሽላ ወይም በቆሎ።

አሁን ወደ ልቤ ጉዳይ ልግባ። የንብረት ዘካ ላይ ኒሷብ የሚባል ወለል አለ። ለወርቅ 85 ግራም ገደማ ነው፤ ከዚያ በታች ያለው ሰው አይጠየቅም፣ ዓመትም መዞር አለበት። ፊጥራ ላይ ግን ብዙዎቹ መዝሀቦች ይህን ወለል አያስቀምጡም። ለኢዱ ሌሊትና ቀን ለራሱና ለቤተሰቡ ከሚበቃው ምግብ በላይ የተረፈው ሰው ሁሉ ያወጣል። ይህ ማለት ፊጥራ የሚቀበለው ሰውም፣ የተቀበለው ከበቃውና ከተረፈው፣ ራሱ ሰጪ ይሆናል ማለት ነው። የተቀበለውን ያንኑ እህል መልሶ የራሱን ፊጥራ ማውጣትም ይችላል።

ይህን እኔ ያየሁት በሰፈራችን ነው። ባላቸው የሞቱባቸው፣ በረመዷን ሳምቡሳ እየጠበሱ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ እናት አሉ። አንድ ዓመት የቤታችንን ፊጥራ ይዘን ሄድን። ከእኛ በፊትም ሰው መጥቶ ኖሮ ጥግ ላይ ሌላ ፌስታል ተቀምጧል። ትንሽ ቆይተን ልንወጣ ስንል ትልቋን ልጃቸውን ጠርተው ጣሳ አስመጡ። እያየናቸው እየሰፈሩ በሌላ ፌስታል መጨመር ጀመሩ፣ ከጀርባ ላሉት አቅመ ደካማ ሽማግሌ ሊልኩ። «ለእርስዎ እኮ ነው ያመጣነው፣ ለልጆቹ ይሁን» አልናቸው። ቀና ብለው አዩንና «አቦ፣ የልጆቼን ፊጥራ ታዲያ ማን ያወጣላቸዋል?» አሉን። ልጅቷ ፌስታሉን ይዛ ስትወጣ አካሄዷ ሁሉ ሌላ ነበር። እውነቴን ነው፣ በዚያ ዓመት ኢድ ላይ ከሁሉም በላይ ያስደሰተኝ እሱ ነው።

የመድረሻው ሰዓት እንዲህ የሚያንገበግበኝ ለዚህ ነው። ፊጥራ በሻፊዒይ መዝሀብ ግዴታ የሚሆነው የረመዷን የመጨረሻው ቀን ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ከመግሪብ በፊት የተወለደ ሕፃን ይወጣለታል፤ ከመግሪብ በኋላ የተወለደ አይወጣለትም። እኚያ እናትም እንደዚሁ ናቸው። እህሉ ከመግሪብ በፊት ከገባላቸው፣ ሰዓቱ ሲደርስ የሚሰጡት አላቸው። ሌሊት ወይም ጠዋት ከመጣላቸው ይበሉታል፣ አልሐምዱሊላህ፣ ግዴታው ግን በባዶ ቤት አግኝቷቸው አልፏቸዋል። እኛ ስንዘገይ የምናስቀርባቸው ምሳ ብቻ እንዳይመስለን።

«ከሶላት በፊት እስከሆነ ድረስ ችግር የለውም» የሚል አለ። ከሶላት በፊት ከሰጠ ፊጥራው ፊጥራ ነው፣ እውነት ነው። ሌላው የነብዩ ባልደረባ ኢብን ዐባስ ባስተላለፉት ሐዲስ ከሶላት በፊት የሰጠው ተቀባይነት ያላት ዘካ ናት፣ ከሶላት በኋላ የሰጠው ግን እንደ ማንኛውም ሰደቃ ናት ተብሏል። የፊቅህ ሊቃውንትም የኢድ አልፈጥር ሶላት ትንሽ ዘግየት ማለቱን የወደዱት ለፊጥራው ጊዜ እንዲኖር ብለው ነው። ሆኖም በሶላት ሜዳ በር ላይ ሰው ፍለጋ መሯሯጥ ምን ያደርጋል? ኢብን ዑመር ከኢዱ አንድ ወይም ሁለት ቀን ቀድመው ይሰጡ ነበር። በሻፊዒይ መዝሀብ ከረመዷን መግቢያ ጀምሮም ይፈቀዳል። የነብዩን ባልደረባ የአቡ ሁረይራን ታሪክም አስታውሱ። የረመዷንን ዘካ እንዲጠብቁ ነብዩ አዘዋቸው ሳለ፣ አንዱ እየመጣ ከእህሉ ይዘግን ነበር። ሦስት ሌሊት ተመላልሶ በመጨረሻ ማታ ሲተኙ አየተል ኩርሲይን፣ ያንን የቁርኣን አንቀጽ፣ እንዲቀሩ አስተምሯቸው ሄደ፤ ሸይጣን እንደነበር ነብዩ ነገሯቸው። ታሪኩን የምናውቀው በአየተል ኩርሲይ ነው። ግን እህሉ ቀደም ብሎ ተሰብስቦ ሌሊቶችን ማደሩንም ያሳያል።

ጨረቃዋም አትጠብቅም። ረመዷን በ29 ሊወጣ ይችላል። «በ30ኛው ቀን እገዛለሁ» ያለ ሰው ማታ ተክቢራ ሲሰማ ነው የሚደነግጠው። ያለ በቂ ምክንያት ፊጥራውን ሳይሰጡ የኢዱን ቀን ማሳለፍ ወንጀል ነው፣ ዕዳውም አይወርድም።

ለመስጊድ ኮሚቴ የምትሰጡም አደራ፣ በጊዜ ስጧቸው። ኮሚቴው የእናንተ ወኪል ነው። የሰበሰበውን ማደል አለበት፣ ልጆቹም ጆንያ ተሸክመው ቤት ለቤት መዞር አለባቸው። በመጨረሻው ሌሊት 200 ፌስታል ብታከማቹባቸው ምን ያድርጉ?

ውጭ አገር ያላችሁ የድሬና የሐረር ልጆች፣ ፊጥራው በመሠረቱ እናንተ ባላችሁበት አገር የሚወጣ ነው። እዚህ እንዲወጣላችሁ የሚፈቅዱ ዑለማ አሉና ኡስታዛችሁን ጠይቁ። ከላካችሁ ግን የእኛ መግሪብ ከአውሮፓም ከአሜሪካም ቀድሞ እንደሚገባ አትርሱ። ገንዘቡን በቴሌብርም በሌላም ለምታምኑት ሰው አስልኩና እህል ገዝቶ ያድርስላችሁ።

በጥሬ ገንዘብ ይሰጥ አይሰጥ የሚለውን ክርክር እዚህ አልከፍተውም። የሐነፊይ መዝሀብ ዋጋውን መስጠት ይፈቅዳል፣ ብዙዎቹ ዑለማ እህሉን ይላሉ፤ ሁሉም ማስረጃ አለው። የእኔ ልብ ወደ እህሉ ያደላል። ብር ቤት ሲገባ ዕዳ ይጠብቀዋል፣ የቤት ኪራይ ይጠብቀዋል። እህል ግን በጣሳ ተሰፍሮ ወደ ጎረቤት ይሻገራል።

ክርስቲያን ወዳጆቼ፣ እናንተም እንኳን አደረሳችሁ። እንደ ሁልጊዜው ቤታችን ክፍት ነው፣ ቡናውም ምሳውም ይጠብቃችኋል። ከኢድ በኋላ ስድስቱን የሸዋል ወር ቀናት ጾማችሁ ለሸዋሊድ፣ ለሐረሪዎች በዓል፣ ወደ ሐረር የምትወጡም፣ እዚያው እንገናኝ።

እስከዚያው ዛሬ ማታ የቤታችሁን ሰው ቁጠሩ፤ ሕፃኑንም፣ የምታስተዳድሯቸውን እናትና አባትም። ነገ ከገበያ ስትመለሱ በቀጥታ ወደ ሰዎቹ ቤት ሂዱ። አላህ ጾማችንንም ፊጥራችንንም ይቀበለን። ኢድ ሙባረክ!