በ12 ዩሮ የገዛሁት ኪሎ 32 ዩሮ ሆኖ የተገኘበት የሃሞን ግዢ

ማድሪድ መኖር ከጀመርሁ ወዲህ ቁርሴ በአብዛኛው ዳቦ፣ የተፈጨ ቲማቲም፣ የወይራ ዘይትና ሁለት ሦስት ስስ ቁራጭ ሃሞን ነው። ሃሞን በጨው ተቀብሮ ከቆየ በኋላ ለወራት ተሰቅሎ የሚደርቅ የአሳማ ታፋ ስለሆነ፣ በሃይማኖቱ ምክንያት የማይበላ ወገኔ የሌዮን አካባቢ ሰዎች ከከብት ሥጋ በጨውና በጢስ የሚያዘጋጁትን ሴሲና ቢፈልግ ይሻለዋል፤ ጣዕሙ ቋንጣ ለለመደ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። እኔ ግን ሃሞን እበላለሁና በመጀመሪያው ዓመት የሠራሁትን ስሕተት ሌላው እንዳይደግመው በዝርዝር ልጽፈው ወደድሁ።

ገና ሲቃረብ እዚህ ያሉ ሱቆች ሙሉ እግር ከጣሪያቸው ላይ ደርድረው ይሰቅላሉ። አንድ የሰፈራችን ነጋዴ ጥቁር ሰኮና ያለው እግር አውርዶ፣ «ኢቤሪኮ ነው፤ ኪሎው 12 ዩሮ፤ ለቤት ከሙሉ እግር የሚረክስ የለም» አለኝ። ኢቤሪኮ ማለት በውድነቱ የሚታወቀው የስፔን ነባር የአሳማ ዘር ነው። እዚያው ሱቅ ውስጥ አጥንቱ የወጣለት ሴራኖ፣ ማለትም ከተራ ነጭ አሳማ የሚሠራው ሃሞን፣ ኪሎው 18 ዩሮ ይሸጥ ነበርና፣ ትርፌን በልቤ እያሰላሁ 5 ኪሎውን በ60 ዩሮ ገዛሁ። ማስቀመጫ እንጨቱንና ረጅሙን ቢላዋ ለብቻ ከፈልሁ።

የገዛሁት የኋላ ታፋ ሳይሆን ፓሌታ የሚባለው የፊት እግር መሆኑን የነገሩኝ በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ ጎረቤቴ ናቸው። እግሩን አንዴ አይተው፣ «ልጄ፣ ይህ እኮ አብዛኛው አጥንት ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ከላይ ያለውን ወፍራም ቢጫ ጮማ ገፍፌ ሁለት ጣት ያህል እንደ ቆረጥሁ ቢላዋው ሰፊውን የትከሻ አጥንት ነካ፤ ከዚያ ወዲያ ረጅሙ ቢላዋ ምንም አልጠቀመኝም፤ በአጭር ቢላዋ ከአጥንቱ ሥር እየፈለፈልሁ ማውጣት ነበረብኝ። የምንበላው ሁለት ሰዎች ብቻ ስለ ነበርን የተቆረጠው ገጽ በሁለተኛው ሳምንት እንደ ጫማ ቆዳ ጠቆረና ጠነከረ። ነጋዴው በመከረኝ መሠረት በራሱ ጮማ ሸፍኜው ነበር፤ ጮማው ግን ከርፍቶ ሽታውን ወደ ሥጋው አስተላለፈ። ይህን ምክር ብዙ ባለሙያዎች አሁንም ይሰጣሉ፤ እኔ አልቀበለውም። የተቆረጠውን ገጽ በስስ የምግብ ፕላስቲክ አጥብቆ መሸፈን ይበልጣል።

መጨረሻ ላይ የሚበላውን ሁሉ ሰብስቤ በወጥ ቤት ሚዛን ስመዝነው 1.9 ኪሎ ብቻ ሆነ። ይህም ማለት የአንዱ ኪሎ ዋጋ ወደ 32 ዩሮ ደርሷል።

ይበልጥ ያንገበገበኝ ሌላ ነው። በእግሩ ላይ የታሰረ ነጭ የፕላስቲክ ማኅተም ነበር፤ እኔ ጥቁር ሰኮናውን እያየሁ ማኅተሙን አላነበብሁትም። በ2014 የወጣው የስፔን ድንጋጌ ለኢቤሪኮ አራት ቀለሞች መድቧል፦ ጥቁር ማኅተም ንጹሕ ዘር ያለውንና የባሉጥ ፍሬ እየበላ የሰባውን ያመለክታል፤ ቀይ ማኅተም በባሉጥ የሰባ ድቅል ነው፤ አረንጓዴው በመስክ ተለቆ መኖ ጭምር የበላ ነው፤ ነጩ በማድለቢያ ውስጥ መኖ ብቻ እየበላ ያደገ ነው። የሰኮናው ጥቁረት እንስሳው ስለ በላው ምግብ አንዳች አይናገርም። ነጋዴው ስለ ባሉጥ ሲያወራኝ የነበረው ነጭ ማኅተም ያለበትን እግር ይዞ ነው። ቅሬታዬን በቅጹ ሞልቼ ሳቀርብ፣ የተቀበሉኝ ሠራተኛ ማኅተሙ በትክክል ስለ ታሰረ በቃል የተነገረኝ እንደማይቆጠር ገልጸው ፋይሉን ዘጉት። አሁንም ያበሳጨኛል፤ ነገር ግን ማንበብ የምችለው ማኅተም ዓይኔ ፊት ስለ ነበር የራሴን ድርሻ አልክድም።

ከዚያ በኋላ ለዕለት ምግብ ኢቤሪኮ መፈለግ ተውሁ። ነጭ ማኅተም ላለው ኢቤሪኮ ከሚከፈለው ገንዘብ ይልቅ በደንብ የከረመ ሴራኖ ይሻላል ባይ ነኝ። በሕጉ ቦዴጋ የሚባለው ሃሞን ቢያንስ 9 ወር፣ ሬሴርቫ 12 ወር፣ ግራን ሬሴርቫ 15 ወር የቆየ መሆን አለበት፤ እኔ ከግራን ሬሴርቫ በታች አልገዛም፤ ባለ ስምንት ጫፍ ኮከብ የታተመበትን፣ ቴሩኤል በሚባለው የስፔን አውራጃ የሚሠራውን ሃሞን በቅናሽ ካገኘሁ ደግሞ አላልፈውም። አጥንቱ የወጣለትን ከመሐሉ አንድ ኪሎ ያህል አስቆርጬ፣ በማሽን በስሱ አስዘልዝዬ፣ በየ150 ግራሙ አየር በወጣለት ፕላስቲክ አሳሽጋለሁ። ከማቀዝቀዣ ወጥቶ ግማሽ ሰዓት ሳይቆይ አልበላውም፤ ማሸጊያው ላይ የሚጻፈው 10 ደቂቃ በክረምት ጮማውን አያለሰልሰውም። በቀይ ሥጋው ውስጥ የሚታዩትን ነጫጭ ነጠብጣቦች ሻጋታ መስለውኝ አንድ እሽግ ሙሉ ጥያለሁ፤ በኋላ እንደ ተረዳሁት ግን ሥጋው ሲከርም የሚፈጠሩ፣ ታይሮሲን የሚባል የፕሮቲን ክፍል ቅንጣቶች ናቸው፤ ይበላሉ።

ከዚያ ፓሌታ ሳይባክን የቀረው አጥንቱ ነው። ሥጋ ሻጩ በመጋዝ ከፋፍሎልኝ፣ ከተዘፈዘፈ ሽምብራ ጋር ሦስት ሰዓት ቀቅዬ፣ ለጎረቤቴም አንድ ድስት አደረስሁላቸው።