ጥሩምባ ሳይሆን ፊሽካ

አዳማን ዙሪያዋን ኮረብታ ከቧታል። ስለዚህ ጎርፉ የሚመጣብን እኛ ጋ ከሚጥለው ዝናብ ብቻ አይደለም። ከላይ ከዘነበ፣ እኛ ጋ መሬቱ ደረቅ እንደሆነ ደራሹ ከች ይላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋ ላይ ከደጋው የወረደው ውሃ የደቻቱን ወንዝ በሌሊት ሞልቶት፣ ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ያንን ሳስብ የሚያንገበግበኝ አንድ ነገር ነው፤ ከላይ ያለ ሰው ውሃውን ያያል፣ ከታች ያለው ግን ተኝቷል።

ሰፈራችን ከኮረብታው ግርጌ ነው። መሃላችንን የጎርፍ መውረጃ ያቋርጠዋል፤ በበጋ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ከላይ ወደ ታች ወሬ የምናደርስበትን መንገድ ለማበጀት ተነሳሁ። አዲስ ኮሚቴ አላቋቋምኩም፤ ዕድር አለን። ግንቦት ላይ፣ መዋጮ በሚሰበሰብበት እሑድ ሐሳቡን አቀረብኩ። ከላይ የሚኖሩት ውሃው ሲነሳ ሊደውሉ፣ ከታች ያለነው ደግሞ ክረምቱን ተራ ገብተን ስልክ ሳናጠፋ ልናድር ተስማማን።

ክርክሩ የተነሳው ሰፈሩን በምን እንቀስቅስ በሚለው ላይ ነው። አንዱ ወጣት የዕድሩ ጥሩምባ ይነፋ አለ። ዳኛችን ግን፣ «ልጄ፣ ጥሩምባ የመርዶ ነው። ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ማን ሞተ ብሎ ይወጣል እንጂ ልጁን አቅፎ አይሮጥም» አሉ። እውነታቸውን ነው። ፊሽካ ገዛን። ሦስት ጊዜ ረዘም ተደርጎ ከተነፋ፣ ዕቃ ሳይሉ ወደ ከፍታው መውጣት ነው።

ዲቹን ሰኔ ሳይገባ ጠረግን። ፌስታሉና ሃይላንዱ ግን ዝናብ በጣለ ቁጥር ተመልሶ ስለሚደፍነው፣ ጠረጋው ክረምቱን ሙሉ ነው።

ከሁሉ የከበደኝ ሰው እንዳይሻገር ማድረግ ነበር። «ቁርጭምጭሚት አይደርስም እኮ!» ይላሉ። 15 ሳንቲ ሜትር ፈጣን ውሃ ግን አዋቂን ይጥላል፤ 30 ሳንቲ ሜትር ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ነው። ድፍርስ ስለሆነ ደግሞ ከሥር መሬቱ መቦርቦሩ አይታይም። ይህንን ባወራ ባወራ ሰሚ አጣሁ። በኋላ መሻገሪያው ግንብ ላይ በ15 ሳንቲ ሜትር ቀይ መስመር ቀባን። ከዚያ ወዲህ ባጃጅ ነጂዎቹ ራሳቸው «ቀዩን ነክቷል፣ ተመለስ» ይባባላሉ።

ነሐሴ ላይ አንድ ሌሊት ስልኩ ጮኸ፤ ፊሽካው ተነፋ። ሰው ወጣ። አንዲት እናታችን ግን እግራቸው ስለማይታዘዝ ከአልጋቸው አልተነሱም ነበር። ጎረቤት አዝሎ አወጣቸው፤ ውሃው ግቢያቸው የገባው ከዚያ በኋላ ነው። በማግስቱ አቅመ ደካማ ላለበት ቤት ሁሉ በስም የሚጠራ ጎልማሳ መደብን። «ማንም ይደርስላቸዋል» ማለት ማንም አይደርስም ማለት ነው።

ወንጂ ያሉ ዘመዶቼ እኛም እንዲህ እናድርግ ብለውኛል። የእነሱ ግን አዋሽ ነው። ከላያቸው ቆቃ ግድብ አለ፤ ሲሞላ ውሃ ይለቀቃል። እዚያ ፊሽካው ሰውን ያስወጣ ይሆናል እንጂ ከብቱንና እህሉን አያተርፍም። የመልቀቂያው ማስታወቂያ እንደተሰማ ከብቱ ወደ ከፍታ ይነዳ፣ እህሉም ይነሳ ብያቸዋለሁ። እኛ ደግሞ ዘንድሮ መብራት ሲጠፋ ኔትወርክም እየጠፋ ስላስቸገረን፣ ኮረብታው ወገብ ላይ ላለ ቤት ሁለተኛ ፊሽካ ሰጥተናል።