ልብስ ጠባቂው

ክረምት በገባ ቁጥር ግራ እግሬ ከቀረው ሰውነቴ ቀድማ ብርድ ታውቃለች፤ በሁለት ካልሲ ጠቅልያት፣ በላይዋ ጋቢ ደርቤባት እንኳ እስከ እኩለ ሌሊት አትሞቅም። ዛሬም እንቅልፍ እንቢ ስላለኝ ለመጻፍ ቁጭ ያልኩት ቅዳሜ ለማገኛት ልጅ ምን እንደምላት ለማሰብ ነው። መስከረም ላይ አዲስ ትምህርት ቤት 9ኛ ክፍል መግባት ሲገባት «አልሄድም» ብላለች። እናቷ ደውላ «ጋሼ፣ እርስዎ ቢመክሯት ትሰማለች» አለችኝ። እኔን ለምን እንደምትሰማ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም፤ ሁለታችንም እናውቀዋለንና።

የልጅነት ልምሻ የያዘኝ በ1972 ዓ.ም.፣ በሁለት ዓመቴ ነው። የክትባት መርሃ ግብሩ በአገራችን የተጀመረውም በዚያው ዓመት መሆኑን ያወቅሁት ትልቅ ሰው ሆኜ ነው። እናቴ ይህን ሳትሰማ ማረፏ ደግ ሆነ እላለሁ፤ ጥፋቱ የራሷ እንደሆነ እያሰበች ለኖረች ሴት በሽታውና ክትባቱ በአንድ ዓመት መጡ ብሎ መንገር ምን ይጠቅማታል? ያልወሰደችኝ ጠበል፣ ያልተሳለችልኝ ታቦት የለም። በእምነቷ ላይ ቅሬታ የለኝም። ነገር ግን በቤታችን ስለ እኔ የሚነገረው ሁሉ «ስትድን» በሚል ቃል ይጀምር ስለነበር፣ ስድን ኳስ እንደምጫወት፣ ስድን የዘመድ ሰርግ እንደምሄድ፣ ስድን ጥሩ ጫማ እንደሚገዛልኝ እያሰብኩ፣ እስከ 15 ዓመቴ ድረስ የምኖረው ኑሮ የእኔ ሳይሆን ወረፋ የምጠብቅበት ጊዜ ይመስለኝ ነበር።

ትምህርት ቤት «አንካሳ» የሚለኝ አልጠፋም፤ እውነቱን ለመናገር ግን ስድብ መመለስ እችልበት ነበር። መልስ ያጣሁለት ሌላ ነገር ነው። በስፖርት ክፍለ ጊዜ መምህሩ «አንተ ልብስ ጠብቅ» ይሉኝና ከዛፍ ሥር እቀመጣለሁ። ሹራቡ፣ ደብተሩ፣ የእጅ ሰዓቱ፣ ሳንቲሙ ሁሉ እኔ ጋ ይከመራል። ልጆቹ «አንተ ጋ አይጠፋም» ስለሚሉኝ እንደ ባንክ ቤት ገንዘብ ያዥ እኮራ ነበር፤ አምነውኝ ይሁን አዝነውልኝ ዛሬም ድረስ አልለየሁትም። በሴሚስተሩ መጨረሻ ኳስ ሳልነካ 80 ከ100 ተሰጠኝ፤ ላቡ እስኪንጠፈጠፍ ሲሮጥ የከረመው ጓደኛዬ 62 አገኘ። ካርዱን ለአባቴ ሳሳየው የስፖርቱን ውጤት በአውራ ጣቴ ሸፍኜ ነበር። መምህሩ ደግ ሰው ነበሩ፤ ችግሩም እዚያ ላይ ነው። ከእኔ ምንም አልጠበቁም፤ እኔም ቀስ በቀስ ከራሴ ምንም አለመጠበቅን ለመድኩ።

ከዚያ ዘመን ደስ ብሎኝ ቤቴ የገባሁበትን ቀን ብጠየቅ፣ ተ. የምለው ልጅ በዳማ ሦስት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈኝን ቀን እጠራለሁ። በቆርኪ ስንጫወት አንዱን ቆርኪ ያለ ቦታው ላስቀምጥ ስል ያዘኝ። የከበቡን ልጆች «ተወው፣ ለእሱ ተውለት» ሲሉት «እግሩ እንጂ እጁ ምን ሆነ? ይጫወት!» ብሎ ጮኸባቸው። ሌባ ተባልኩ፤ ተሸነፍኩ፤ እያፏጨሁ ቤቴ ገባሁ። እናቴ ያሸነፍኩ መስሏት ነበር።

ይህን ለልጅቷ እንዴት ብዬ ነው የምነግራት? በዳማ የሚያሸንፍሽ ሰው ፈልጊ ልበላት? ሁሉም ሰው ሊመክራት እንጂ ሊከራከራት እንደማይመጣ እሷም ሳትታዘብ አትቀርም፤ እኔም ከመካሪዎቹ አንዱ ሆኜ ልመጣ ነው።

የምንገናኝበትን ካፌ የመረጥኩት እኔ ነኝ። ደረጃ ለማይወጣ ሰው መወጣጫ አለው፤ የሕንፃ አዋጁ በ2001 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ በየቦታው እንደማየው ሁሉ ግን የአበባ ማስቀመጫዎች ተደርድረውበታል። (አበቦቹ መብታቸው ተከብሯል።) ቀጠሯችን 4 ሰዓት ነው። እኔ ግን 3 ሰዓት ተኩል ደርሼ፣ ጥግ ካለው ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጬ፣ ምርኩዜን ከወንበሩ ሥር አጋድሜ ልጠብቃቸው አስቤያለሁ። ይህን ያሰብኩት ገና ከእናቷ ጋር ስልክ እያወራሁ ሳለ ነው፤ ለምን እንደሆነ የገባኝ ግን አሁን ስጽፈው ነው። በ48 ዓመቴ፣ በራስ መተማመንን ልመክራት የምሄደው ሰውዬ፣ ስራመድ እንዳታየኝ ቀድሜ ልቀመጥላት ነው።

ሲነሱስ ምን አደርጋለሁ? ተነስቼ ልሸኛቸው ወይስ «እናንተ ቅደሙ፣ እኔ ሂሳብ ልክፈል» ልበል?