ሁሉም «ዩ» ነው

ደብሮኛል። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ እኔም አላውቀውም። ኅዳር ነው። ከቀኑ አስር ሰዓት ሲል ጨልሟል። ዝናብ ይሁን ጉም ያልለየለት ነገር ፊቴ ላይ እየተረጨ አውቶቡስ ጠበቅኩ። መጣ፤ ካርዴን አስነካሁ። ሹፌሩ አንገቱ ላይ ንስር የተነቀሰ፣ ክንዱ የኔን ጭን የሚያክል ሰውዬ ነው። ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ታ፣ ላቭ» አለኝ። አመሰግናለሁ ፍቅሬ፣ እንደማለት።

እዚህ እንግሊዝ አገር፣ ሼፊልድ ይሄ ምንም አይደለም። ወንዱም ሴቱም፣ ለወንድም ለሴትም «ላቭ» ይላል። ዳቦ ሻጯ ላቭ፣ ቧንቧ ሠሪው ላቭ። እስቲ ሜክሲኮ አደባባይ አንድ ጎረምሳ የታክሲ ረዳት «ሂሳብ፣ ፍቅሬ» ሲለኝ አስቡት።

የሚገርመው ደግሞ ትንሽ ራቅ ስትል ስምህ ይቀየራል። ወደ ደቡብ ወርደህ ደርቢ ስትደርስ «ዳክ» ትባላለህ። አዎ፣ ዳክዬ። ወደ ሰሜን ኒውካስል ብትሄድ «ፔት» ነህ፣ እንደ ቤት ድመት። ግላስጎው ላይ ሴት ከሆንሽ «ሄን» ይሉሻል፤ ዶሮ። ከሁሉም የሚብሰው ግን ኮርንዎል ነው። ድንች የሚመዝንልህ ሽማግሌ ምንም ሳይመስለው «ማይ ላቨር» ይልሃል። ውሽማዬ!

አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ የሚኖር አንድ ጓደኛዬ ባለፈው ክረምት ሊጠይቀን መጥቶ እንዲህ ያለው ነገር ሁሉ ግራ ሲያጋባው ከረመ። ሱፐርማርኬት ሂሳብ ልንከፍል ስንጠጋ ልጅቷ «ዩ ኦልራይት?» አለችው። እዚህ ሰላምታ ነው፤ መልስም አይጠበቅም። እሱ ግን አሜሪካ የኖረ ሰው ነው። እዚያ እንዲህ የሚባለው ወድቀህ ስትነሳ ወይ ፊትህ ሲገረጣ ነው። ወደኔ ዞሮ በአማርኛ «ምን ሆኜ መሰልኳት?» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሄድንበት ሁሉ መስታወት ሲያይ ነበር።

ሳቅኩበት እንጂ፣ እኛም የባሰብን ነን። ትንሿ ልጄ በቀደም ከአያቷ ጋር በቪዲዮ ስታወራ ሳህኗ ላይ ምግብ ተርፎ ነበር። እናቴ አየችና «አፈር ስሆን ጨርሺ!» አለቻት። ትንሿ ስልኩን ዘግታ መጣችና አያቴ ለምንድን ነው አፈር መሆን የምትፈልገው አለችኝ። ምን ይባላል? ፍቅር ነው አልኳት። እንዲያውም እናቴ እኔን «አባቴ» እንደምትለኝ፣ እሷን ደግሞ «እናቴ» እንደምትላት፣ ስትብስ ደግሞ «ሆዴ» እንደምትል ነገርኳት። ልጄ በዝምታ አየችኝ። ዳክዬ መባል ሳይሻል አይቀርም ብላ ያሰበች ይመስለኛል።

እና አውቶቡሱ ውስጥ ተቀምጬ ምን መጣልኝ መሰላችሁ? ይሄ ሁሉ ላቭ፣ ዳክ፣ ፔት፣ ሄን የመጣው «ዩ» ብቻዋን ስለማትበቃ ነው። የራሴ የአውቶቡስ ፍልስፍና ነው፤ የቋንቋ ምሁራን ካላችሁ አትፍረዱብኝ። ግን አስቡት። አንተም ዩ፣ አንቺም ዩ፣ እርስዎም ዩ፣ እናንተም ዩ። ንግሥቲቱም ዩ ነበሩ፣ ውሻቸውም ዩ። ሰውየው የትኛው እንደሆንኩ ሊነግረኝ ሲፈልግ ሌላ ምን ምርጫ አለው? ጫፉ ላይ አንድ «ላቭ» ይለጥፋል።

እኛ ጋ ግሱ ራሱ ይናገራል። «መጣህ» ካልከኝ ደረጃዬን አወቅኩ። «መጡ» ካልከኝም አወቅኩ። አንድ ሰው ትልቅ ሲሆን እንኳ ምን እንላለን? «አንቱ የተባለ» እንላለን። ዲግሪ አልቆጠርንም፣ ሀብት አልቆጠርንም፤ ተውላጠ ስሙ ተቀየረለት፣ በቃ።

እንግሊዞችም ነበራቸው እኮ። «ዛው» አንተ ነበር፣ «ዩ» እናንተ። በኋላ ፈረንሳዮቹን ተከትለው ለትልቅ ሰው፣ አንድ ብቻውን ቢሆንም፣ «ዩ» ማለት ጀመሩ። ልክ እንደ አንቱ። ታዲያ አንቱታው እየሰፋ፣ እየሰፋ ሄዶ ሁሉንም ዋጠ። ማንም እንዳይቀየም ሁሉም አንቱ ተባለና አንተ ሞተ። ስለዚህ እንግሊዝኛ ትሕትና የለውም የምትሉ ተሳስታችኋል። ሕዝቡ በሙሉ እርስ በርሱ አንቱ እየተባባለ ነው የሚውለው። ሲሰዳደብ ሳይቀር።

አንተ ገና በሕይወት ሳለ ግን ከጥፊ አይተናነስም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1603 ስመ ጥሩው አሳሽ ሰር ዋልተር ራሌይ በአገር ክህደት ተከሶ ዊንቸስተር ላይ ችሎት ቀርቦ ነበር። ዐቃቤ ሕጉ ኤድዋርድ ኮክ ንዴቱ ገነፈለና «አንተ እልሃለሁ፣ አንተ ከሃዲ!» ብሎ ጮኸበት። አንተ አለው። ይሄንን ለፈረንጅ ብታስረዳው ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ለእናቴ ብነግራት ግን ገና ሳልጨርስ «ውይ፣ አዋረደው!» ነው የምትለው።

ኩዌከሮች ደግሞ በተቃራኒው ሄዱ። በዚያው ክፍለ ዘመን የተነሱ ሃይማኖተኞች ናቸው። በእግዚአብሔር ፊት ሰው ሁሉ እኩል ነው ብለው ለዳኛውም ለጌታውም አንተ እያሉ አስቸገሩ። በዚህም ተደበደቡ። እግዚአብሔርን ራሱን አንተ እያልነው ጎረቤታችንን አንቱ የምንል እኛ፣ ኩዌከሮቹን ለመረዳት ቅርብ ነን። «በሰማያት የምትኖር» ነው የምንለው፣ «የሚኖሩ» አንልም። እንግሊዞቹም በ1611 መጽሐፍ ቅዱሳቸው «ዛው» ብለውታል። ዛሬ ቃሉ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ብቻ ሲሰማ ጊዜ፣ ብዙው ሰው የክብር ቃል ይመስለዋል። የቅርበት ቃል እንደነበር ተረስቷል።

ቆይ፣ ሞተ አልኩ እንዴ? እዚህ አልሞተም። ሼፊልድ ባለችበት ዮርክሸር ውስጥ ሽማግሌዎቹ ዛሬም ለአንተ «ዚ» እና «ዛ» ይላሉ። የሼፊልድ ሰው ደግሞ «ዚ»ን «ዲ»፣ «ዛ»ን «ዳ» አድርጎ ስለሚጠራው የአካባቢው ከተሞች «ዲ-ዳ» ብለው ይጠሩናል። (ይጠሩናል አልኩ፣ አያችሁ።) ልጅ ትልቅ ሰውን በዚህ ቃል ከጠራ የሚመለስለት ቁጣም አለ። አንተ አትበለኝ፤ ራስህን አንተ በለውና ደስ ይልህ እንደሆነ እይ፣ ዓይነት ነገር ነው። ይሄ ከወሎ ወይ ከጎንደር ሽማግሌ አፍ የወጣ አይመስልም?

የታችኛው ቤት ሽማግሌ ከነዚህ ነው። ዕድሜውን ብረት ፋብሪካ ነው የጨረሰው። ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆሞ ከጓደኛው ጋር ሲያወራ እሰማዋለሁ። «ዳ» ነው የሚለው። ውሻውን ዳ ይለዋል። ስልክ ላይ ወንድሙን ዳ ይለዋል። የማትነሳለትን መኪናውን ሳይቀር ዳ እያለ ይሰድባታል። እኔን ግን «ዩ»። ስንት ጊዜ የቆሻሻ ገንዳውን አውጥቼለታለሁ፣ እሱም ኬክ ይዞልን መጥቷል፣ ያው «ዩ» ነኝ።

አከበረኝ ወይስ አራቀኝ?

ሁለቱም ሊሆን ይችላል። ባለቤቴ ከኔ ጋር ስትጣላ ምን እንደምትል ታውቃላችሁ። «እርስዎ ደግሞ ምን ቸግሮዎት!» ትለኛለች፣ ሳህን እያጠበች፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ። እንደዚያ ተከብሬ አላውቅም። እንደዚያም ብርድ ተሰምቶኝ አያውቅም። በሌላ በኩል ድሬዎች አሉ። ድሬ ላይ አዛውንቱንም አንተ ይሉታል እየተባለ የማይቀለድበት ቀን የለም፤ የድሬ ልጅ ግን ከአንድ አንቱ ባይ ይልቅ ሞቅ አድርጎ ነው የሚያቅፍህ።

የቨርጂኒያው ልጅ ይሄንን ሁሉ በስልክ ሳወራለት አዛጋ። አሜሪካ ላይ ጥያቄው ተፈቷል፣ «ያል» በለው አለኝ። እውነቱን ነው፣ ደቡቦቹ ለእናንተ የሚሆን «ያል» ሠርተዋል። ፒትስበርግ «ዪንዝ» ይላሉ፤ እዚህ ደግሞ ሊቨርፑል «ዩዝ» ይላሉ። ያል ራሱ ሲያንሳቸው «ኦል ያል» ብለው ደግመው ያበዙታል፤ ሁላችሁም እናንተዎች፣ እንደማለት። ግን ይሄ ብዛትን ነው የፈታው። ክብሩንና ቅርበቱን ማን ይፍታው? «አቦ ተወኝ፣ ነገ በጠዋት ሥራ አለኝ» ብሎ ዘጋው። እሱ በአንተ ነው የዘጋው፣ ቢያንስ ያ ግልጽ ነው።

ይሄን ሁሉ የማስበው ለካ ሌላ ነገር ስላለብኝ ነው። ስድስት ኪሎ አብረን የተማርን አንድ ልጅ አለ። ልጅ አልኩት! አንድ ዳቦ ለሁለት ቆርሰን የበላን፣ ካልሲ የተዋዋስን። አሁን አንቱ ተብሏል፤ የት እንደሆነ አልናገርም፣ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ቁጥሩን ሰው ሰጠኝና ልጽፍለት ካሰብኩ ሰነበትኩ። «እንዴት ነህ» ብዬ ጻፍኩና አጠፋሁ። ድፍረት መሰለኝ። «እንዴት ነዎት» ብዬ ጻፍኩ። እሱም ቅጥ አጣ፤ ካልሲዬን ያደረገ ሰው እንዴት ነዎት ይባላል? «ሰላም ነው?» ብሎ ማለፍ ይቻላል፣ ለአንድ መስመር። ሁለተኛው መስመር ላይ ግስ ይመጣል። ግስ ከመጣ ደግሞ መምረጥ ነው።

ዛሬ ማታ ቁርጥ አደረግኩ። ሳማው ያመሸሁትን ቋንቋ ተሸክሜ «ሄሎ! ሃው አር ዩ? ሎንግ ታይም!» ብዬ በእንግሊዝኛ ላክሁለት። ምንም አልመረጥኩም። አንተም ነው፣ አንቱም ነው፣ እንደ ፍጥርጥሩ ይተርጉመው። ብልህነቴ ደስ ብሎኝ ሻይ አፈላሁ።

ሳልጠጣው መልስ መጣ። በአማርኛ።

«ይቅርታ፣ ማን ልበል?»

ዐሥር ጊዜ አነበብኩት። አንተ የለውም። እርስዎ የለውም። እና አሁን ስሜን ስጽፍለት ምን ብዬ ነው የምጀምረው?